የግራ እጁ ፋይል ይከፈት፦ ለጤና ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ሐዋሳ ላይ ስለሚታከሙ የሕብለ ሰረሰር ጉዳተኞች 3 ደብዳቤ አስገብተናል። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መልስ ግን የለም። እንግዲህ በአደባባይ እንጽፍልዎታለን።

አንገቱ ተጎድቶ እስከ 6ኛው የአንገት ነርቭ ድረስ የተረፈለት ሰው ጣቶቹን ማዘዝ አይችልም፤ የእጁን አንጓ ግን ወደ ላይ ያነሣል። አንጓው ሲነሣ የጣቶቹ ጅማቶች ተወጥረው ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣት ከሌባ ጣት ጎን ይገጥማል። አንጓው ሲወርድ ይከፈታሉ። ባለሙያዎችዎ ቴኖዴሲስ ይሉታል። በዚህ አያያዝ ሰው ቀለል ያለ ዕቃ ይይዛል፣ ሲለማመድ ደግሞ ያለ ሰው እጅ ይጎርሳል።

አንድ ወጣት ከሆስፒታል ሲወጣ ለእናቱ የተነገራት «ጣቶቹ እንዳይጨብጡ በየቀኑ ዘርጊለት» የሚል ብቻ ነው። እናት አንጓውን ወደ ኋላ ቀልብሳ የቀኝ እጁን ጣቶች ጠዋት ማታ ዘረጋችለት። በወራት ውስጥ ጅማቶቹ ረገቡ። ዛሬ አንጓው ይነሣል፣ ጣቶቹ ግን አይከተሉትም። አንጓው ሲነሣ ጣቶቹ ይታጠፉ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ አንጓው ይውረድ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትዘረጊ የሚላት ሰው አላገኘችም። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ምክር ነበር!

ግራ እጁ ገና ይይዛል። ለእሱ የምናብ ልምምድ፣ ማለትም እጅን ሳያንቀሳቅሱ እንቅስቃሴውን በሐሳብ መሥራት፣ ይጀመርለት ብለን ስንጠይቅ «በቅጹ ላይ ቦታ የለውም» ተባልን፤ «ለውጥ የለም» ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ይህ በደል ነው።

የተጎዳው ሕብለ ሰረሰሩ ነው፤ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል አልተጎዳም። ሰው እንቅስቃሴን ከውስጥ ሆኖ ሲያስብ፣ ሲንቀሳቀስ ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ብዙዎቹ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከፈረንሳይ፣ ሊዮን የወጣ ጥናት፣ ታካሚዎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ በ6ኛና በ7ኛ የአንገት ነርቭ ደረጃ የተጎዱ ሰዎች ከ5 ሳምንት የምናብ ልምምድ በኋላ አያያዛቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ታካሚው ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ባዶ ሃይላንድ ከፊቱ ይቆማል። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ጊዜ በእውነት ይሠራል፦ አንጓውን ጥሎ እጁን ያስጠጋል፣ አንጓውን አንሥቶ ይይዛል፣ መልሶ ጥሎ ይለቃል። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ሳያንቀሳቅስ፣ ያንኑ 10 ጊዜ ያህል በውስጡ ይሠራዋል፤ የክንዱን ክብደት፣ ፕላስቲኩ አውራ ጣቱን ሲነካው እያሰበ። ከዚያ እንደገና በእውነት። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሐሳብ ይበተናል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ታካሚው ራሱን በቴሌቪዥን እንደሚያይ ከውጭ ሆኖ ይመለከታል፣ ወይም ቃሉን ብቻ በልቡ ይላል። ማጣሪያው የስልክ ሰዓት ነው። በእውነት ሲይዝ 6 ሰከንድ ከፈጀበት፣ በምናብም ወደዚያው ሊጠጋ ይገባል፤ በ1 ሰከንድ ከጨረሰ አልሠራውም። ትእዛዙም «ጨብጥ» ሳይሆን «አንጓህን አንሣ» ነው፤ የማይታዘዝ ጣትን እንዲያስጨንቅ ማድረግ ተስፋ ያስቆርጠዋል። የሚያቃጥል የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በልምምዱ ሊብስበት ስለሚችል፣ ሕመሙ ከተነሣ ወዲያው ይቁም።

የተበጠሰ ነርቭ በሐሳብ አይቀጠልም፤ ለቤተሰብም እንዲህ ተብሎ ተስፋ ሊሰጥ አይገባም። ያለውን አያያዝ ማሳደግ ግን ይቻላል፤ ማሽን አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪም አይፈልግም። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ በሳምንት 3 ቀን በዊልቸር ሐዋሳ መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ እቤት የሚሠራ ነገር ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው።

በተመላላሽ ቅጹ ላይ ለምናብ ልምምድ አንድ መስመር ይጨመር። አንገቱ ተጎድቶ ለሚወጣ ታካሚ ሁሉ፣ ጣቶቹ እንዴት እንደሚዘረጉ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሥዕል ለአስታማሚው ይሰጥ። የወጣቱም ፋይል በዚህ ሳምንት ይከፈት፤ እናቱ የግራ እጁንም ጣቶች መዘርጋት ጀምራለች።