ጉዳዩ፦ የገዛሁት መጽሐፍ ሳልጠየቅ ስለተቀየረብኝ

ለመተግበሪያው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ባለፈው ጥር ከአፓችሁ ላይ አንድ የአማርኛ ግለ ታሪክ በ180 ብር ገዛሁ። በቴሌብር ነው የከፈልኩት፤ ደረሰኙ አለኝ። ደራሲው በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ስለሆኑ ፊደል ጠንቅቀው ይጽፋሉ። የወደድኩላቸውም ይህንን ነው።

ሰሞኑን ስከፍተው «ይዘቱ ተሻሽሏል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። እሺ ወይም እምቢ የምልበት ቦታ የለውም። ሳነብ ሞክሼ ፊደላቱ በሙሉ ተጨፍልቀዋል። ሐም ኀም ሀ ሆነዋል፤ ሠ ሰ፣ ፀ ደግሞ ጸ። ድምፃቸው አንድ ነው ብላችሁ ይሆናል። ግን መዳንን ፈልገው «ለነፍሴ ድኅነት ስማፀን አደርኩ» ያሉት ሰውዬ አሁን «ለነፍሴ ድህነት» ሲማጸኑ አድረዋል! ትንሽ ወረድ ስል፣ ወጣች ለማለት «ፀሐይ ሠረቀች» የነበረው «ጸሀይ ሰረቀች» ይላል። ምን እንደሰረቀች አልተጻፈም።

ስቄ ሳበቃ ማስታወሻዎቼን ፈለግኩ። 63 ነበሩ። ግማሾቹ የሉም፤ የተረፉትም ከማይገናኙት መስመር ላይ ተለጥፈዋል። ስደውል «አፑን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት» ተባልኩ። ጫንኩት። የተረፉትም ጠፉ።

ፋይሉ ተቆልፏል፤ ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው አልችልም። በቁልፉ አልከፋም። መጽሐፍ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሲበተን ደራሲ ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለማውቅ ነው ከፍዬ የማነበው። ግን እኔ እንዳልነካው የተቆለፈውን እናንተ እንዳሻችሁ ከፍታችሁ ትቀይሩታላችሁ። የወረቀት መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሲወጣ እኮ የመጀመሪያውን ከመደርደሪያዬ ማንም አይወስደውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የሸጣቸውን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል (የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያው) ላይ ሳይጠይቅ አጥፍቶ ነበር። ገንዘብ ቢመልስም ቁጣው አልበረደም፤ የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ኋላም መጽሐፉን ከነማስታወሻው እንመልስላችሁ አሉ። እኔ እስካሁን የሰማሁት «ማሻሻያ ነው» የሚል ብቻ ነው።

በጥር የገዛሁት እትም ከነማስታወሻዎቼ ይመለስልኝ። ካልተቻለ 180 ብሬን መልሱ፤ የማስታወሻዎቼን ዋጋ ግን እኔም አላውቀውም። ከእንግዲህ መጽሐፍ ስትቀይሩ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ፤ ምን እንደተቀየረም ጻፉልኝ።

ደራሲው ይህን ለውጥ ያውቁት እንደሆነም በጽሑፍ አሳውቁኝ። የድሮውን ገጽ በሌላ ስልክ አንስቼ ለእህቴ ልኬላት ስለነበር ተርፏል፤ ከአዲሱ ገጽና ከደረሰኙ ጋር አያይዤዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ