የቅዳሜ ርዕሳችን፦ የ«ዱን» ተዋንያን

ሰላም ቤተሰብ፣

ቅዳሜ የምንከራከረው «ዱን» በተባለው የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ተዋንያን ምርጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው መጽሐፍ በረሃማዋን ፕላኔት የሚያጠናው ሳይንቲስት ካይንስ ወንድ ነው። በ2021ዱ ፊልም ግን ሴት ናት፤ የተጫወተቻትም ሻሮን ደንካን-ብሩስተር ናት። እኔን ከጠየቃችሁ ምንም አልጎደለም። የካይንስ ጣጣ ሹመቱ ከንጉሠ ነገሥቱ፣ ልቡ ከፕላኔቷ ነባር ነዋሪዎች ከበረኸኞቹ መሆኑ ነው። እሷም ይህንን አሳምራ ይዛዋለች።

የበረኸኞቹን አለቃ የሚጫወተው ሃቪየር ባርዴም ፕላኔቷን ሊገዛ በመጣው መስፍን ፊት ጠረጴዛው ላይ ትፍ የሚልባትን ትዕይንት ግን ደግማችሁ እዩልኝ። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ምራቅ መስጠት ትልቅ ክብር ነው። ሰውዬው ይህን ሲያደርግ ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም! ለሚናው የተፈጠረ ነው።

«መጽሐፉን አበላሹት» የምትሉ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ይዛችሁ ኑ። የተዋናይ መልክና ቀለም መዝለፍ ግን ክልክል ነው። ሁለተኛውን ክፍል ያላዩ ስላሉ መጨረሻውን አታውሩባቸው፣ አደራ።