እንዚራውን ሳታዩ አውታር አትቀይሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ከተሰቀለበት የሚወርደው በገና ብዙ ነው። ወዲያው «ድምፁ ጠፋ፣ እንደ ክራር ሆነብኝ» የሚል አቤቱታ ይከተላል። ባለቤቱ አውታር ያስቀይራል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ያረጀው እንዚራው፣ ማለትም ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ ነውና። በገና የሚሸጡም የሚያስተምሩም ሰዎች የእንዚራ አቀያየርን ከቅኝት እኩል ለተማሪው ማሳየት አለባቸው እላለሁ።

እንዚራ በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹን በሚሸከመው እንጨት) መካከል ታጥፎ የሚገባ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩን ከበርኩማው ገጽ ለጥቂት ከፍ ያደርገዋል። አውታሩ ሲደረደር እየተርገበገበ እንጨቱን ደጋግሞ ይነካል፤ እዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ንክኪ ነው። ቆዳው ሲወፍር አውታሩ እንጨቱ ላይ አይደርስም፤ ድምፁ ባዶ ይሆናል። ተጨፍልቆ ሲሳሳ ደግሞ አውታሩ እንጨቱ ላይ ይተኛና ይታፈናል። በክረምት እርጥበት ያበጠ ቆዳ በበጋ ይሰበሰባል። በነሐሴ የተስተካከለ በገና በየካቲት ድምፁ የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለ10ሩ አውታሮች 10 እንዚራ ያስፈልጋል፤ 14 ወይም 15 ቁረጡ፣ የሚበላሽ አይጠፋም። የበሬ ቆዳ ይሁን፤ ከሆድ በኩል ያለው ስለሚለጠጥ ከጀርባው ውሰዱ። ሁሉም ከአንድ ቁራጭ ይውጣ፣ ውፍረቱ እንዳይለያይ። ለልኩ ደህና የቆየ አሮጌ እንዚራ ካለ እሱን አዲሱ ቆዳ ላይ አስቀምጣችሁ በምላጭ ቁረጡ፤ መቀስ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል። ለስላሳ የጫማ ቆዳና ላስቲክ ንዝረቱን ስለሚውጡ አይሆኑም። ቆዳውን ቅባት መቀባትም እንዲሁ።

አውታሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትፍቱ። በርኩማውን በቦታው የያዘው የአውታሮቹ ውጥረት ነው፤ ሁሉም ከላሉ ይወድቃል፣ የቀድሞ ቦታውን መልሶ ማግኘትም አድካሚ ነው። መቃኛውን ጥቂት አዙራችሁ አንዱን ብቻ አላሉ፣ አሮጌውን እንዚራ አውጡ፣ የበርኩማውን ገጽ በጣት ዳስሱ። አውታሩ ቦይ ቆፍሮበት ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ይህን የሚያልፍ ሰው አዲስ ቆዳ ቢያስገባም ንዝረቱ ይቆራረጥበታል።

አዲሱን አስገብታችሁ መጀመሪያ አውታሩን ወደ ቅኝቱ መልሱ። በላላ አውታር ላይ የተስተካከለ እንዚራ ሲወጠር ይበላሻል። ከዚያ ቆዳውን በርኩማው ላይ ወደፊትና ወደኋላ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ በእኩል ጉልበት ደርድሩ። ንዝረቱ በኃይል ሲመታ ብቻ ከመጣ ክፍተቱ በዝቷል። ወዲያው ጀምሮ ቶሎ ከሞተ ንክኪው በዝቷል። ትክክለኛው ድምፁ እስኪከስም አብሮት የሚዘልቀው ነው። ቆዳው በተነካ ቁጥር ቅኝቱም ስለሚናጋ ደግማችሁ ስሙት። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው፤ ከቆረጣው ሁሉ ረጅሙን ሰዓት ይወስዳል።

ከአንጀት አውታር ወደ ናይለን የቀየረ ሰው የድሮውን እንዚራ እንደነበረ አይተወው፤ የአውታሩ ውፍረት ስለሚለያይ ክፍተቱ እንደገና መለካት አለበት። ናይለን እርጥበት እንደ አንጀት ስለማይደፍረው አልነቅፈውም።

በጣት የሚደረድሩ ብዙዎች ከ10ሩ 6ቱን ብቻ ይጠቀማሉ፤ 4ቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ቆዳ በእጅ በሌለበት ሰዓት ብዙም ያልተጎዳውን የማረፊያ አውታሮች እንዚራ ወደሚደረደሩት ማዛወር ይቻላል።

10ሩም ካለቁ በኋላ በገናውን እንደተወጠረ አሳድሩት። አዲስ ቆዳ ሌሊቱን ስለሚጨመቅ ጠዋት እያንዳንዱን እንደገና መንካት ግድ ነው፤ ማታ ደህና ነበር ብሎ ወደ ማኅበር ይዞት የሚሄድ ሰው በጉባኤ መካከል ድምፁ ይጠፋበታል።

አንድ የበገና ሠሪ