ስለ ማስተማሩ ስራ፣ ለልጄ

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ ብርዱ ያው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ታውቂዋለሽ። ትናንት ኔትወርኩ ሲቆራረጥብን ያልጨረስነውን ልፃፍልሽ ብዬ ነው፣ ያ ትምህርት ቤት ልጆች ድራም አስተምሪልን ያለሽን ስራ ትቼ ባንዱ ላይ ላተኩር ነው ያልሽውን።

እኔ አትተይው ባይ ነኝ። ሙዚቃ ያልሆነለት ነው አስተማሪ የሚሆነው ያለሽ ማነው ግን? ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን እይው እስኪ፣ ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ ዌልስ የተላከ ልጅ ሙዚቃ አጥንቶ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ድረስ ገባ፣ ቫይብራፎንና ኮንጋ በሚባሉ የሚመቱ መሳሪያዎች የኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሃደው፣ በፈረንጅ 1966 ኒውዮርክ ላይ አልበም አወጣ። የውጪው አለም በደንብ የሰማው ግን በ2005 ነው፣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ዜማዎቹን ሲያስገባቸው፣ ያኔ እድሜው 60 አልፎ ነበር። እስከዛ ለስንቱ ዘፋኝ ሲያቀናብር ሲያስተምርም ነው የኖረው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደስ ቢሆን የሙዚቃ ደራሲም መምህርም አልነበር እንዴ።

ደሞ ገንዘቡን አስቢው፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል፣ ያኔ የቤት ኪራይ በምን ልትከፍይ ነው?

ልጆቹን እንዴት ልጀምራቸው ላልሽኝ፣ እኔ ድራም አላውቅም ግን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የተማርነው እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፣ በድምፅ ብቻ ትዘምሪያለሽ ከበሮ አትነኪም፣ ቀጥሎ ዝማሜ በመቋሚያ እየተወዛወዝሽ፣ ከዛ መረግድ ላይ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጽፋት ላይ ምቱም ጭብጨባውም ይፈጥናል። እጃችን ከበሮ ሳይነካ ምቱ እግራችን ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። (ጠዋት ጠዋት ቆዳው በእርጥበት ስለሚላላ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር የኛ ስራ፣ እሱም ትምህርት ነው ድምፁ ሲለወጥ ትሰሚያለሽ።) ስለዚህ ወዲያው የድራም መምቻ ዱላ አታስይዢያቸው፣ ያጨብጭቡ፣ ይርገጡ፣ ይዝፈኑ።

ያ 6/8 የምትይው ምት ደሞ መንዝ ያሉት አክስቶችሽ ሰርግ ላይ ኖታ ሳያውቁ የሚመቱት አይደል? መጥተሽ በስልክሽ ቅረጪው፣ ከዛ በኖታ ፃፊው፣ ለልጆቹም ታስተምሪዋለሽ ለራስሽ ድርሰትም ይሆንሻል፣ በሁለት በኩል ትጠቀሚያለሽ።

ብቻ ሳትፈርሚ በፊት የስራ ሰአቱን በደንብ ጠይቂ፣ አርብና ቅዳሜ ማታ ለባንዱ ነፃ መሆን አለብሽ፣ መጫወቱን ተይው አላልኩሽም። እናትሽ በሶ ቋጥራልሻለች፣ ማክሰኞ ሰው አለ፣ ላምበረት መናኸሪያ መጥተሽ ተቀበይው፣ ሲነሳ እደውልልሻለሁ።

አባትሽ