የቃር ማስታገሻውም ይነገር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ስትጽፉ «ሰዓት ይከበር» ትላላችሁ፤ ልክ ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ከመስኮቴ የሚታየኝ ግን ሌላም አለ። ዶልቴግራቪር የተባለውን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የቃር ማስታገሻ ሊገዛ ሲመጣ ስለ ሌላው መድኃኒቱ አይነግረኝም፤ ወረፋ ፊት ማን ይናገራል? አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት ማስታገሻ ግን ዶልቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ዶልቴግራቪር ከማስታገሻው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ። የብረትና የካልሲየም እንክብል ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ ይወሰዳል። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን ሲታዘዝ ደግሞ በቀን አንዴ የነበረው 50 ሚሊ ግራም ዶልቴግራቪር በቀን ሁለቴ ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው።

በጤና አምዳችሁ ብታነሱት? ባልደረቦቼም ወረፋው በማይሰማበት ቦታ «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ አንባቢያችሁ