ከበዓል ማግስት ስላለው ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጥር በመጣ ቁጥር ሙስሊም ወጣቶች ታቦታት የሚያልፉበትን መንገድ ሲጠርጉ፣ በዒድ ዋዜማ ደግሞ ክርስቲያን ወጣቶች የሶላቱን ሜዳ ሲያጸዱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በመገናኛ ብዙኃን ይወጣሉ። እኔም እንደ ማንኛውም ጎንደሬ ደስ እያለኝ እመለከታቸዋለሁ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህም የተመልካቹ ዓይን በእኛ ላይ በዝቷል። ነገር ግን ዘገባው በዓሉ ሲያልፍ አብሮ ስለሚያልፍ፣ የሁለቱን እምነት ሰዎች በእውነት አብሮ ያቆየው የዘወትር አገልግሎት ሳይነገርለት ይቀራል።

እኔ የምለው አገልግሎት እድር ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅለው በሚኖሩበት ሰፈር ለሁለቱም ሐዘን የሚተከለው ድንኳን አንድ ነው። የሙስሊም ቀብር በተቻለ መጠን በዕለቱ ስለሚፈጸም፣ ክርስቲያኑ ወንበሩንና ድስቱን ተሸክሞ መድረስ ያለበት በጣት በሚቆጠሩ ሰዓታት ውስጥ ነው። ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ ሙስሊሙ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸኛል፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅም ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። በድግስ ቀን ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነው በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ለብቻውም ድስት ይጣድለታል። ይህ ለእንግዳ ሰው መራራቅ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ከማንኛውም የአደባባይ ንግግር ይልቅ የመከባበራችን ማስረጃ አድርጌ የማየው ይህንኑ ሁለተኛውን ድስት ነው፤ ማንም እምነቱን ሳያለሳልስ፣ ጎረቤቱም ጾሙን ውሎ እንዳይሄድ ታስቦበት የሚጣድ ነውና።

ይህን አኗኗር ያመጣው የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ የቀድሞው ትእዛዝ እንዲያውም ተቃራኒው ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ አዝዘዋል፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው የቀሃ ወንዝ ዳር ሰፈርም ታሪኩ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። (በጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ከቀሃ በሚጠለፍ ውኃ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ።) በሰፈር የተለየው ሕዝብ ግን በገበያና በለቅሶ መገናኘቱን አልተወም።

የተገነባው ሁሉ ሊፈርስ እንደሚችልም አይተናል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ፣ ረመዳንም ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሙስሊሞች መቃብርና ቤተ ክርስቲያን በሚዋሰኑበት ቦታ በአንድ የተከበሩ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስለ አብሮነት ብዙ ስብሰባ ተደርጓል፤ ብዙ ቲሸርትም ታትሟል። ጠቡ የተነሣው ግን በበዓል አደባባይ ሳይሆን በቀብር ላይ ስለነበር፣ የጋራ አገልግሎታችንም መጀመር የሚገባው ከመቃብር ቦታ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሁለቱም እምነት አባላት ያሉባቸው እድሮች በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ተነሥተው መካነ መቃብሮችንና የአብያተ ክርስቲያናትን አጥር አብረው ያጽዱ፣ ይጠግኑ። ወሰኑ በሚያጠራጥርበት ቦታ የአጥቢያው ካህናት፣ የመስጊዱ ኢማምና የሀገር ሽማግሌዎች ባሉበት ምልክት ይደረግ። ለቀብር የሚያስፈልገው ድንጋይ ከየት እንደሚነሣም ሐዘን ሳይመጣ በፊት ይወሰን፤ ሐዘንተኛ በዚያች ሰዓት ስለ ድንጋይ የሚከራከርበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ወጪው የእድሮችን አቅም የሚፈትን አይደለም፤ ጉልበቱም በእጃችን ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. እንዳየነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲገቡ ጾመው የሚውሉ ሰዎችን ለቁፋሮ መጥራት ስለማይገባ፣ ሁለቱም በዓላት ካለፉ በኋላ ግንቦት ላይ ቢሆን ይሻላል። የዝግጅት ክፍላችሁም ለጥምቀትና ለዒድ የሚልከውን ፎቶ አንሺ በዚያ ወር አንድ ቀን ቢልክልን በደስታ እንቀበለዋለን፤ አካፋ ይዞ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር አባል፣ ከጎንደር