የልጄ ስም ከየት እንደመጣ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ ኮምቦልቻ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ፣ «ሶፊያ የፈረንጅ ስም ነው፤ ሰፊያ ብለሽ አስተካክዪው» ያሉኝ ነገር ከልቤ ስላልወጣ፣ በጽሑፍ ላስረዳዎ ፈለግሁ።

ሶፊያ የባለቤቴ እናት ስም ነው። በግሪኮች ልማድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአባቷ እናት ስም ትጠራለች። ስሙ በቋንቋቸው ጥበብ ማለት ነው፤ እርስዎ በዜና የሰሙት የኢስታንቡሉ ሐጊያ ሶፊያም የተሰየመው፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ለአንዲት ሴት ሳይሆን፣ ለፈጣሪ ጥበብ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠራ፤ በ1453 መስጊድ ሆነ፤ ቆይቶ ሙዚየም ተደረገ፤ በ2020 ደግሞ ወደ መስጊድነቱ ተመለሰ።

ሰፊያ ግን ሌላ ስም ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ላስደስትዎ በቻልሁ ነበር፤ ሆኖም የሚመሳሰሉት ለጆሮ እንጂ በሥረ መሠረታቸው አይደለም። ሰፊያ ዐረብኛ ሲሆን፣ የጠራች፣ የተመረጠች ማለት ነው፤ የአያትዎ ስም ሙስጠፋም የሚወጣው ከዚሁ ሥር ስለሆነ፣ እርስዎ ስሙን የወደዱት ያለ ነገር አይመስለኝም። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ ሲተርኩልን እንዳደግነው፣ ከኸይበር ዘመቻ በኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆኑት ሰፊያ የበኑ ነዲር አይሁዶች መሪ ልጅ አልነበሩምን? የእኛ ብቻ ነው የምንለው ስም እንኳ ከሌላ ቤት የመጣች ሴት የተጠራችበት ነው። በእኛስ ቤት ቢሆን፣ በእናቴ ወገን ገብረ ማርያም፣ በእርስዎ ወገን ሙስጠፋ እየተባለ ዘር ሲቆጠር፣ ለወሎ ሰው ምን ይገርመዋል?

ስለዚህ በልደት ወረቀቷ ላይ የሰፈረውን አልቀይርም፤ የአያቷ ነውና። እርስዎ ሰፊያ ብለው ቢጠሯት ግን ባለቤቴም እናቱም በደስታ ተቀብለውታል፤ አማቴማ ትርጉሙን ስነግራቸው ለመጥራት እየተለማመዱ ነው፣ ፊደሉ አልገጥም ብሏቸው ቢቸገሩም። አክስቴ መራቂዎቹን እናቶች፣ ዱበርቶቹን፣ ሰብስባ ቡና አፍልታ ዱዓ ስታስደርግ፣ ልጄን በዚሁ እርስዎ በመረጡላት ስም እንዲመርቁልኝ ይንገሩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣ ከአቴንስ